«ያልተነፋ አለሽ?»

ትናንት ልጄ ስልኳ ላይ ቪዲዮ አሳየችኝ። ቻይናዊ ሽማግሌ፣ የሜክሲኮ ሴት፣ ጣሊያናዊ ወጣት በየተራ ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት ትንሽ ሸክላ ከንፈራቸው ላይ አድርገው ይነፋሉ። «እማ፣ ይሄ እኛ ቤት ያለው አይደል?» አለችኝ። ነው። ቁም ሳጥኑ ላይ አቧራ የለበሰው የአማረች ፊሽካ ነው።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት አልፎ፣ አሥረኛ ክፍል እያለን አማረች ከጎኔ ነበር የምትቀመጠው። ቤተሰቦቿ ከተራራው መንደር ከኦቾሎ የወረዱ ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። ያኔ በኛ አገር ሸክላ ሠሪ በሠራው ድስት ወጥ ይሠራል፤ ሸክላ ሠሪ በጠጣበት ቅል ግን ሌላ ሰው አይጠጣም። ለምን ስል «ድሮም እንዲህ ነው» ከማለት የተሻለ መልስ የሰጠኝ የለም።

አማረች ከእናቷ ድስት በተረፈ ጭቃ የትንሽ ማንጎ ያህል ፊሽካ ትሠራለች። ጭቃው ሳይደርቅ እየነፋች ቀዳዳውን ታስተካክላለች፤ ድምፁ ሲጥማት ከድስቶቹ ጋር ይተኮሳል።

የማንጎ ወራት ነበር። የሲቀላ ገበያ ማንጎና የአባያ ዓሣ ይሸታል። አማረች ፊሽካዎቿን የሙዝ ቅጠል ላይ ደርድራ አንዱን ትነፋለች። ዛሬ ማንም ካልወሰደ ሁለተኛ አልሠራም ብላኛለች፤ ያለችውን ደግሞ ታደርጋለች። ልጆች ይሰበሰባሉ፣ እናቶቻቸው ይጎትቷቸዋል። ከኛ ጋር የምትኖረው የአባቴ እህት ደረሰች።

«ያልተነፋ አለሽ?» አለቻት።

«ካልነፋሁትማ ድምፁን በምን አውቃለሁ፣ እትዬ?»

«አፍሽ ያልነካው ማለቴ ነው።»

አማረች ፊሽካዎቹን ወደ ዘንቢሏ መመለስ ጀመረች። እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። የያዘችውን ነጥቄ፣ ምራቋ ሳይደርቅ ነፋሁት። ስለማልችልበት የታነቀ ዶሮ መሰለ። አማረች ሳቀች። አክስቴ አልሳቀችም።

ራት ላይ አክስቴ ለእኔ ብቻ የተሰነጠቀች ቅል ለይታ አቀረበችልኝ። የበቆሎ ኩርኩፋዬን በልቼ ውሃዬን በዚያችው ጠጣሁ። አክስቴ በገበያ የሆነውን ለቤቱ ትተርካለች። እናቴ እጇን ዘርግታ ቅሌን አነሳችና የተረፈውን ውሃ ጨለጠችው።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን እናቴ አማረች ፊት ቆመች።

«እስቲ ንፊልኝ፣ የኔ ልጅ፤ ሰምቼ ልምረጥ።»

አማረች አንድ በአንድ እየነፋች አሰማቻት። ሴቶቹ ቆመው ያያሉ። እናቴ አንዱን መርጣ፣ እዚያው ነፍታ ለእኔ ሰጠችኝ። አማረች መሥራቱን አልተወችም። ሁሉም ገዛ አልልም፤ አክስቴ እስክትሞት አልገዛችም።

እነዚያ በቪዲዮ ያየኋቸው ሰዎች ቀድሞ ማን እንደነፋ ይጠያየቁ እንደሆነ እንጃ። ፊሽካውን አወረድኩ፣ አቧራውን አራገፍኩ፣ ነፋሁት። አሁንም አልችልበትም። ልጄ ተቀብላኝ የፊሽካውን አፍ በቀሚሷ ጫፍ ልትጠርግ ስትል እጇን ያዝኩ።

«ተዪው» አልኳት፤ «እንዳለ ንፊው።»