ለቡችላው ሲባል የወጣ በር

ልጄ ፊልሙን ያየችው በአከራያችን በሐጂ ሳሎን ውስጥ ነው። የኛ ቴሌቪዥን ከተበላሸ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ጋ ትሻገራለች። እንደኔ ለመንግሥት ሥራ ወልድያ የመጣ ሰው የሚከራየው ዓይነት ግቢ ነው፤ ሁለት ቤት፣ አንድ የውጭ በር። ፊልሙ ላይ አንዲት ልጅና ውሻዋ ይዋደዳሉ፤ ጎረቤት ውሻውን ስለጠላው አባትየው ሩቅ ወስዶ ይጥለዋል። ልጄ ዓይኗ አብጦ መጣችና ቡችላዋን አቅፋ ተቀመጠች። እኔ ሳቅኩባት።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። የኛው ግን ከኛ እየበላ የሚወደው ሐጂን ነበር። ለሶላት ሲወጡ የውጭው በር ላይ ይጠብቃቸውና ልብሳቸውን እየላሰ ይዘልባቸዋል። አንድ ቀን ከቢሮ ቀደም ብዬ ስመለስ፣ ሽማግሌው ቧንቧው ሥር ተቀምጠው ጀለቢያቸውን ያጥባሉ። የውሻ ምራቅ የነካው ልብስ ሳይታጠብ እንደማይሰገድበት ጎረቤት ሆኜ አውቃለሁ።

«ቡችላው ነው?» አልኳቸው።

«አብሽር፣ ውሃ እንደሆነ ሞልቷል» አሉኝ።

ዝምታ ወርቅ ነው ቢባልም እሳቸው እስከዛሬ ሳይነግሩኝ መቆየታቸው አሳዘነኝ፤ በራሴም ተናደድኩ። ስንት ጊዜ እንዲህ እንዳጠቡ ማን ያውቃል? እኔ ደግሞ ስናደድ መካከለኛ መንገድ አይታየኝም። ውሻው ሐራ ከተማ፣ ከብት የሚያረባ ወዳጄ ዘንድ እንዲሄድ እዚያው ወሰንኩ። ለልጄ ስነግራት አላለቀሰችም። «አንተም እንደ ፊልሙ አባት ነህ» ብላኝ ፊቷን አዞረች። ከማንም ስድብ በላይ አመመኝ፤ ሐሳቤን ግን አልቀየርኩም።

ቅዳሜ ጠዋት የጠራሁት ባጃጅ ደጅ ቆሟል። ቡችላውን በገመድ አስሬ ስወጣ ልጄ ትከተለኛለች። ከሐጂ ቤት ጀርባ የመዶሻ ድምፅ ሰምቼ ዞር ብል፣ አንድ ግንበኛ የድንጋዩን አጥር ይንዳል፤ ሐጂ አጠገቡ ቆመዋል።

«ምን እየሠሩ ነው ሐጂ?»

«በር ላወጣ ነው። ከጓዳ ወጥቼ በዚህ ወደ መስጊድ እሄዳለሁ። ቡችላው በዚያኛው በር እንደልቡ ይጫወት።»

«ለውሻ ብለው አጥር ያፈርሳሉ? ይኸው ልወስደው አይደል እንዴ!»

መጀመሪያ ገመዱን፣ ከዚያ ልጄን አዩ። «ፊልሙን እኮ አብሬያት አይቼዋለሁ ልጄ» አሉኝ። «ውሻውን ያስባረረው ጎረቤትየው ነው። ያን ሰውዬ እየረገመች ስታለቅስ አጠገቧ ነበርኩ። ታዲያ በዚህ ዕድሜዬ እኔ እሱን ልሁን?»

 አፈርኩ፤ ደስም አለኝ። ልጄ ገመዱን ከእጄ ወሰደች። እኔም ባጃጁን አሰናብቼ ስመለስ ኮቴን አወለቅኩና ከግንበኛው ጋር ድንጋይ ማንሳት ጀመርኩ።