ታክሲ ይዣለሁ

ስሙን አላውቀውም። እሁድ ከሰዓት አዲሱ ገበያ፣ ከታክሲ ተራው ጀርባ ዳማ ከምንጫወተው መካከል ግን አይጠፋም። ሰማያዊ ሹራብ ይለብሳል። ቆርኪዎቹን በአሮጌ የልጅ ካልሲ ቋጥሮ ይመጣል፤ በሰው ቆርኪ አይጫወትም።

ድሮ ጨዋታው ሲሞቅ ስልኩ ይጠራ ነበር። የልጅቷ ድምፅ ለሁላችንም ይሰማል።

«አባዬ፣ የት ደረስክ?»

«ታክሲ ይዣለሁ የኔ ቆንጆ፣ ሽሮ ሜዳ ልደርስ ነው» ይላል፣ ዓይኑን ከዳማው ሳያነሳ። ማንም አይስቅም፤ ሁላችንም እንደዚያ እንላለን። ከዚያ ሁለት ጨዋታ ይጨምራል።

ከዓመት ዓመት የልጅቷ ድምፅ እየጎለመሰ፣ ጥሪውም እየተራራቀ ሄደ። ዘንድሮ ስልኩ ሲጠራ አልሰማሁም።

ባለፈው እሁድ ስልኩን አጠገቡ አስቀምጦ አራት ጨዋታ አከታትሎ አሸነፈኝ። ፊቱ ላይ ደስታም ቅሬታም አልነበረም። ከዚያ ቆርኪዎቹን ካልሲው ውስጥ ከትቶ ተነሳ።

«ምነው፣ በጊዜ?» አልኩት።

«ልጄ ትጠብቀኛለች» አለና ወደ ታክሲዎቹ ሄደ።

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ተመልሶ ፊቴ ተቀመጠ።

«ታክሲ የለም» አለ፣ ካልሲውን እየፈታ።

ከኋላው ረዳቱ «ሽሮ ሜዳ! ሽሮ ሜዳ! የሁለት ሰው!» እያለ ይጣራል።