እናቱ እያየችው አይጎተትም

አክስቴ ላም ስታስወርድባቸው የሞተውን ጥጃ እግሩን ይዞ የሚጎትት ሰው አይወዱም ነበር። «እናቱ እያየችው አይጎተትም!» ይሉና በባዶ እጃቸው አቅፈው፣ ጓሮ ወስደው ይቀብሩታል። እኔ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። ከባሕር ዳር እየመጣሁ፣ ጓንቴን አጥልቄ የላሞቹን ደም ስወስድ አጠገቤ ይቆሙ ነበር። ውርጃው በባክቴሪያ የሚመጣ፣ ወደ ሰውም የሚተላለፍ መሆኑን አውቃለሁ። አንድ ጊዜ «እትዬ፣ በእጅዎ አይንኩት» አልኋቸው። ሳቁብኝ፤ ተውሁት። አንድ ጥንድ ጓንት እንኳ አላመጣሁላቸውም።

መቼም ጣና ዳር ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው። ትኩሳቱ ሲመላለስባቸው እኔም የወባ ኪኒን ገዛሁላቸው። የላሞቻቸውን ደም መርምሬ፣ የእርሳቸውን ሳላስመረምር ቀበርኋቸው። ምን እንደገደላቸው ዛሬም አላውቅም።

ባለፈው ሳምንት አንዷ ላም ደግማ አስወረደች። የጥጃውን እግር ያዝሁ፤ ላሟ ስታየኝ ለቀቅሁት። አቅፌ ወስጄ ቀበርሁት። ስመለስ ጓንቴን አውልቄ፣ እንደ ልማዴ እጄን ዘረጋሁ። በጆግ ውሃ የሚያፈሱልኝ ሁልጊዜ እርሳቸው ነበሩ፤ «መጀመሪያ አንተ ታጠብ፣ በሽታ እንዳይዝህ» እያሉ።