እማማ ቀስ

የሰፈሩ ልጆች ለአማቴ ያወጡላቸው ስም «እማማ ቀስ» ነው። የሚያኝክ ሰው ባዩ ቁጥር «ቀስ! ቀስ ብለህ ዋጥ!» ይላሉ፤ ሕፃን አይሉ፣ ሽማግሌ አይሉ። ዳቦ ሲያቀርቡ ጥፍር አሳክለው ቆርጠው ነው። ጓደኛዬ አንድ ቀን «አማትሽ የሚጋብዙት ሰው ነው ወይስ ጫጩት?» ብላኝ በሳቅ ፈርሻለሁ። ያኔ ጥርሴን ባረገፈው!

ከባሌ በፊት ሴት ልጅ ነበረቻቸው። በሰባት ዓመቷ፣ እዚያው ሳሎን መስኮቱ ሥር ባለው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ለውዝ ስትበላ ሞተች። «ትን ብሏት ነው» ተባለ፣ በቃ። ለውዙን ከሥራ ሲመለሱ ገዝተው ያመጡላት እማማ ራሳቸው ነበሩ። ሆቴል ውስጥ አንሶላ ተኳሽ ነበሩ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ካውያ ይዘው ቆመዋል። የዚያን ቀን ጀርባዋን ደበደቡ፣ ጣታቸውን ጉሮሮዋ ውስጥ ከተቱ፣ ምንም አልወጣም።

ወንበሩ ዛሬም እዚያው አለ። በየጠዋቱ ይወለወላል፣ ማንም አይቀመጥበትም። ቤቱን የረገጥኩ ዕለት ልቀመጥበት ስል ባሌ ክንዴን ይዞ ወደ ኋላ ሳበኝ። ደግሞ አንዳንዴ ማንም ምንም ሳይበላ እማማ ወደዚያ ዞር ይሉና «ቀስ፣ የኔ እናት» ይላሉ። ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል። ፈሪ በሉኝ፣ ያንን ሳሎን ብቻዬን ሆኜ አልጠርገውም።

እኔ ፖስታ ቤት ነው የምሠራው፤ ባሌ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። የአምስት ዓመቷን ልጃችንን የሚጠብቁልን እማማ ናቸው። ልጅቷ ከሲታ ናት። አንዲት ጎረቤት ታዲያ፣ አፏን ይዝጋውና፣ «ለውዝ በወተት ስጫት፣ ያፋፋታል» ብላ መከረቻቸው። እማማ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለውዝ ቤታቸው አስገብተው አያውቁም። ግን አሰቡበት። የሚያንቀው ፍሬው ነው፣ ዱቄቱ ምን ያደርጋል? አድቅቀው ፈጩት፣ ሁለቴ በወንፊት ነፉት፣ በወተት በጠበጡት።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ለምሳ ስመለስ ልጄ ከንፈሯ አብጦ፣ ዓይኗ ተደፍኖ፣ ትንፋሿ እያፏጨ ደረስኩ። እማማ ጀርባዋን እየመቱ «ፈጭቼዋለሁ! ነፍቼዋለሁ!» እያሉ ይጮሃሉ። ነጥቄያቸው ሮጥኩ። ታክሲው ምን ያህል እንደጠየቀኝ፣ ነጠላ ጫማዬ የት እንደወደቀ እግዜር ይወቀው። ሐኪም ቤት ጭኗ ላይ አንድ መርፌ ወጓት፣ ብዙም ሳይቆይ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። የልጄ ለቅሶ እንደዚያን ቀን አስደስቶኝ አያውቅም።

ባሌም ከሥራው ሮጦ ደረሰ። ዶክተሩ «የለውዝ አለርጂ ነው» አለን። «ከቤተሰብ እንዲህ የሚያደርገው ሰው አለ?»

ባሌ ጫማውን እያየ «እኔ» አለ።

አሥር ዓመት አብሬው ስኖር «ለውዝ አልወድም» ነበር የሚለኝ! ኮሪደሩ ላይ አፋጠጥኩት። ሃያ ዓመት ሲሞላው አንድ ሐኪም ነግሮት ኖሯል። ያኔውኑ የእህቱ ነገር ገብቶታል፤ ትን ብሏት እንዳልነበረ። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ።

«ምን ልበላት? እማ፣ በእጅሽ የሰጠሻት ነው የገደላት ልበላት?» አለኝ። አንጀቴን በላው። ተውኩት።

ማታ እናቱን «ወተቱ ተበላሽቶ ነው» አላቸው። እማማ «ተመስገን!» ብለው ደረታቸውን ያዙ። በማግስቱ ጠዋት ወጥ ቤት ስገባ ወንፊቱ ታጥቧል፣ ትኩስ ወተት ተገዝቷል፣ የተረፈው ለውዝም ቀርቧል።

እሳት ለበስኩ፣ እሳት ጎረስኩ። ባሌን ጓዳ አስገብቼ «ለሞተችው ብለህ ያለችውን ልታስቀብረኝ ነው?» አልኩት። ለውዙን አውጥቼ ጣልኩ። ልጄን ፖስታ ቤት ይዣት ሄድኩ፤ አራት ቀን ከጠረጴዛዬ ሥር ፖስታ ላይ ሥዕል ስትሥል ዋለች። አምስተኛው ቀን ላይ አለቃዬ «ይሄ መዋለ ሕፃናት አይደለም» አለኝ።

ዶክተሩ ለክፉ ቀን የምትወጋ መርፌ ሰጥቶን ወደ አለርጂ ክሊኒክ ልኮን ነበር። እዚያ ሐሙስ ሐሙስ አንዲት ሲስተር ቤተሰቦችን ታስተምራለች። አግዳሚው ላይ ሰው የሚጠራው በስሙ አይደለም፣ ልጁ በሚከለከለው ምግብ ነው። የእንቁላሉ አባት አለ፣ የዓሣዋ እናት አለች፤ እኔንም ገና ሳልቀመጥ «የለውዟ እናት» አሉኝ። ብዙ ሳቅን፣ ትንሽ አለቀስን። አማቴ እውነቱን እንዳልሰሙ ስነግራቸው የእንቁላሉ አባት፣ ዘበኛ ነው፣ «እህቴ፣ መድኃኒቱ አንቺ ቦርሳ ውስጥ ተቀምጦ ልጅቷ ሌላ ሰው እጅ ላይ ከሆነች ምን ዋጋ አለው?» አለኝ። ሲስተርም «የሚጠብቃትን ሰው ይዘሽ ነይ» አለች።

በሚቀጥለው ሐሙስ አራታችንም ሄድን።

ሲስተር ቀስ ብላ ለእማማ አስረዳቻቸው። «ጉሮሮው ከውስጥ ነው የሚያብጠው እማማ። ምንም የተወተፈ ነገር የለም። ዱቄት ቢሆን፣ አንድ ጠብታ ቢሆን ያው ነው።»

እማማ ጣታቸውን አዩት። «ለዚህ ነዋ ምንም ያጣሁት» አሉ። ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ አንገቱን ደፍቷል። «ታውቅ ነበር?»

ባሌ ጎንበስ ብሎ የልጃችንን ጫማ ያስር ጀመር።

«ይቺ መርፌ ያኔ ነበረች?» ብለው ሲስተር እጅ ላይ ያለችውን እያዩ ጠየቁ።

ዋሺ፣ በናትሽ ዋሺ እያልኩ በሆዴ እለምናት ነበር።

«ነበረች እማማ» አለች ሲስተር።

እማማ እጃቸውን ዘረጉ። «በይ አሳዪኝ» አሉ።

መርፌ የሌለው መለማመጃ ሰጠቻቸው፣ ጉልበታቸው ላይ ትራስ አስቀመጠች። «ጭኗ ላይ ጠበቅ አድርገው ይጫኑ፣ እስከ አሥር ይቁጠሩ። እንዳትፈራም ያናግሯት።»

ተጫኑ። አልቆጠሩም።

«አይዞሽ» አሉ ትራሱን። «አይዞሽ የኔ እናት። መጣሁ። ደረስኩልሽ፣ ይኸው ደረስኩልሽ።»

አሥርም አለፈ፣ ሃያም አለፈ። ሲስተር ልትቀበላቸው እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። ባሌ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ልጄ እኔ ጭን ላይ ሆና «እማማ፣ እዚህ ነኝ» አለቻቸው። እማማ አልሰሟትም።