የሰር አምብሮስ አጥር

ስለ ሰር አምብሮስ መቃብር ሲወራ ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው እያሉ ጎብኚዎች ፎቶ ያነሱታል። ሰውየው ግን በዕድሜው የሠራው ትልቁ ሥራ የመንደራችንን የጋራ ግጦሽ አጥሮ የራሱ ማድረጉ ነው። ከብቶቻቸውን ይዘው ከተባረሩት መሀል የኤድና ፕራውት ቅድመ አያቶች ነበሩበት።

ኤድና የትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች። ምላሷ ስለታም፣ ለልጆች ፑዲንግ የሚባለውን ጣፋጭ ስትጨምር ግን እጇ የማይሰስት። ባሏ ክላረንስ የቤተ ክርስቲያናችን ደወል ደዋይ ነበር። ሲሞት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከሰር አምብሮስ መቃብር ጀርባ የቀበርኩት እኔ ነኝ፤ ሥራዬ መቃብር መቆፈር ነው። «እኔንም እላዩ ትጨምረኛለህ» ብላኝ ስለነበር ለሁለት ሳጥን እንዲበቃ ጥልቅ አድርጌ ቆፈርኩ። ድንጋዩም ላይ ከስሙ ሥር ለስሟ ቦታ ተተወላት።

ከዚያ በድንጋይ ከፍ ተደርጎ የተሠራው የሰር አምብሮስ መቃብር ጎኑ ተሰነጠቀና ሰው ላይ እንዳይወድቅ ተብሎ ዙሪያው በብረት አጥር ታጠረ። ክላረንስም አብሮ ታጠረ። መቃብሩ ቅርስ ስለሆነ ከሀገረ ስብከቱ ፈቃድ ካልመጣ አይነካም። ፈቃዱ ደግሞ አልመጣም።

ኤድና እሁድ እሁድ ከጸሎት በኋላ ከአጥሩ በላይ አሳልፋ አበባ ትወረውር ነበር። ክንዷ ስለደከመ አበባው ክላረንስ ጋ አይደርስም፤ ከፊት ያለው ሰር አምብሮስ ላይ ይቀራል። ወጣቱ ቄሳችን ጁልያን ይህን አይቶ ሊያመሰግናት መጣ።

«ወይዘሮ ፕራውት፣ የሰር አምብሮስን መቃብር እንዲህ ስላሳመሩልን እግዜር ይስጥልኝ።»

«ለሱ? በቁሙ ግጦሻችንን አጠረ፣ ሞቶ ባሌን አጠረብኝ። አሁን ደግሞ አበባዬን ይቀማኝ?»

«ትንሽ ይታገሡ፣ ፈቃዱ በሂደት ላይ ነው።»

«እኔም በሂደት ላይ ነኝ። ማናችን እንደምንቀድም እናያለን።»

እሷ ቀደመች። ቄሱ አስጠራኝና አጥሩ ውስጥ መቆፈር ስለማይቻል በአውራ ጎዳናው ዳር ባለው አዲሱ መካነ መቃብር ትቀበር አለኝ።

«ስሟስ የት ሊጻፍ ነው?»

«አዲስ ድንጋይ ይቆምላታል።»

«ድንጋይ አላት። ባልም አላት» ብዬው ወጣሁ።

በቀብሯ ቀን ጠዋት፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ አጥሩን በመፍቻ ፈታሁት። ማሽን ሳላስገባ በአካፋ ብቻ ቆፈርኩ፤ ሰር አምብሮስ ንቅንቅ አላለም። የክላረንስ ባልደረቦች የነበሩት ደወል ደዋዮች ሳጥኗን ተሸክመው ገቡ። ቄሱ ፊቱ በንዴት ቲማቲም መስሎ ጸሎቱን አደረሰ፤ ሳጥን የተሸከሙ ሰዎችን መመለስ አልደፈረም።

በማግሥቱ አጥሩ ተመልሶ ቆመ፣ ቁልፍም ተጨመረበት። ስሟን ሊቀርጽ የመጣው ድንጋይ ጠራቢ ከውጭ አይቶ ተመለሰ። ድንጋዩ ላይ ለስሟ የተተወው ቦታ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። አሁን እሁድ እሁድ አበባ የምወረውረው እኔ ነኝ። የእኔ ክንድ ደህና ነው፤ ሰር አምብሮስ አንዲት ቅጠል አያገኝም።