በፍልሰታ ጾም የታቀደው የስሜን ጉዞ

መንገዱን ያቀዱት በእኔ ሳሎን፣ በእኔ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ምክሬን ግን ማንም አልጠየቀኝም። የባሌ እህት፣ ሁለት የሥራ ባልደረቦቿና የአሥራ ስድስት ዓመቷ ልጄ ከመቐለ እስከ ደባርቅ በመኪና ሄደው፣ ከዚያ የስሜንን ተራራ አራት ቀን በእግር ሊያቋርጡ ነው። ደባርቅ ተወልጄ ያደግሁት እኔ ሻይ አቀርባለሁ።

ጊዜው ነሐሴ ነው፤ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ፍልሰታም ተይዟል። የባሌ እህት በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውን፣ ብርድ ልብሱን አንድ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፈች።

"የሚበላው መቼ ነው?" አልኩ።

"እንደ ክርስቲያን ነዋ! ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ።"

የያዝኩትን ትሪ አስቀመጥኩ። ልጄ ባለፈው ዓመት ፍልሰታ ቅዳሴ ላይ እንደቆመች ራሷን ስታ ወድቃለች። ልጅ ሳለሁ ደግሞ አንድ ጎረቤታችን ተራራው ላይ፣ ባዶ ሆዱን፣ ጉም ውስጥ ትንሽ ልረፍ ብሎ ተቀመጠ። በማግስቱ ሲያገኙት እንደተቀመጠ ደርቆ ነበር። ይህንን ነገርኳቸው።

"ሓፍተይ፣ የኔ እህት፣ ሞት ሳትጠሪ ሻይ መቅዳት አትችይም?" አለች የባሌ እህት።

ሳቁ። ባሌም አብሯቸው ሳቀ። የሌሎቹን ትቼዋለሁ፤ የእሱን ሳቅ አልተውኩትም።

ከዚያ በኋላ እህል አልወርድ አለኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን በመታ ቁጥር ልጄ ጉም ውስጥ ተቀምጣ ትታየኛለች። ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ መንገደኞቹን ይባርኩልኝ ብዬ የንስሐ አባታችንን ጠራኋቸው። ሌላውን ጉዳይ በር ላይ ነገርኳቸው።

ባርከው ሲጨርሱ ወደ ልጄ ዞሩ። "አንቺ ጠዋት ጠዋት ትበያለሽ። ያለዚያ አትሄጂም። የወደቅሽው እኔ ፊት ነው" አሏት።

የባሌ እህት ፊቷ ተለዋወጠ። "አባ፣ የምትበላ ይዤ ተራራ አልወጣም። አራት ቀን ሙሉ ምራቄን ልዋጥ?"

"እንግዲያው ትቅር" አሉ።

ልጄ እኔን አየችኝ። ከዚያ ቦርሳዋን መፍታት ጀመረች።

ሦስቱ ሄዱ። የባሌ እህት በሁለተኛው ቀን በበቅሎ ተጭና ደባርቅ ተመለሰች። በስንት ሰዓት እንደበላች አልጠየቅኋትም፤ ባሌም ወሬውን ሲሰማ አልሳቀም። ልጄ ግን ክረምቱ እስኪወጣ አኩርፋኝ ከረመች። ዛሬም፣ የልጆች እናት ሆና፣ "ሰው ፊት አሳፈርሽኝ" ትለኛለች።

ትበል። ፊቴ ቆማ ነው የምትለኝ።