ፋንታዬ እና ባዶው አድራሻ

ባለቤቴ ፋንታዬ ካረፈች ወዲህ ሰዎች ሥራዋ ምን እንደነበር ይጠይቁኛል። የኮምፒውተር ፕሮግራም ትጽፍ ነበር ብል አይበቃቸውም። ስለዚህ የአንዲት ቅዳሜን ነገር እነግራቸዋለሁ።

ፋንታዬ ቦልቴ ጉኑኖ ከተማ ተወልዳ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሒሳብ አስተማረች። ፕሮግራም መጻፍ የተማረችው ከዚያ በኋላ፣ ለብቻዋ ነው። ሶዶ በተከራየነው ቤት መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ኮዱን መጀመሪያ በካሬ ደብተር ላይ በእርሳስ ትጽፈዋለች፤ መብራት ቢጠፋም ሥራዋ አይቆምም። እርሳሱን የምቀርጽላት እኔ ነበርኩ።

ወደ ገሱባ በሚወስደው መንገድ ላይ ላለ አንድ ጤና ጣቢያ የክትባት ማቀዝቀዣ የሚጠብቅ ፕሮግራም ሠርታ ነበር። አንድ ትንሽ ኮምፒውተር ሙቀቱን በየአምስት ደቂቃው ይለካል፤ ሙቀቱ ከስምንት ዲግሪ ካለፈ ወይም የመለኪያው ሽቦ ከተነቀለ ወደ ነርሱ ስልክ ይደውላል። ነርሱ ሚልክያስ የድሮ ተማሪዋ ነው።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ደወለላት።

«ቲቸር፣ ማቀዝቀዣው ዘጠኝ ዲግሪ ገብቷል። ስልኬ ግን ዝም ብሏል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ጠዋት ለጽዳት ስናንቀሳቅሰው ሶኬቱም የመለኪያው ሽቦም ተነቅለዋል፤ አላየንም። ስልኬ ካልጮኸ ደህና ነው ብዬ ተቀመጥኩ። ልቤ አላርፍ ሲለኝ ከፍቼ አየሁ።»

«ክትባቱስ?»

«ብልቃጦቹ ላይ ያለው የሙቀት ምልክት አልጠቆረም፣ ተርፏል። የዘመቻው ክትባት ግን ሰኞ ይመጣል። ደወሉ የማይታመን ከሆነ አልረከብም። እናቶቹ ልጅ አዝለው ሶዶ ድረስ ሊሄዱ ነው።»

«ቆይ፣ ደብተሬን ላውጣ።»

«ፈተና ላይ ደብተር አይወጣም ይሉን አልነበር?»

«ዛሬ ተፈታኟ እኔ ነኝ። ዝም በል» አለችው።

ከሰዓቱን ሙሉ መስመር በመስመር ጮክ ብላ አነበበች። ፕሮግራሟ የተጻፈው በፓይተን ነው። ፓይተን ሲሳሳቱ ምን እንደተበላሸ የሚናገር ቋንቋ ነው። መለኪያውን የሚያነበውን ክፍል ግን የመለኪያው አምራቾች የጻፉት ሲ በተባለ ሌላ ቋንቋ ነው። ሲ መለኪያው ያለበትን አድራሻ ይሰጣታል፤ እሷ አድራሻውን መልሳ ሰጥታ «ሙቀቱን አንብብልኝ» ትለዋለች። መለኪያው ከሌለ አድራሻው ዜሮ ይሆናል። ሲ ዜሮ ላይ ሊያነብ ከሄደ ደግሞ ፕሮግራሙ ሁሉ እዚያው ይሞታል፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ። የሚደውለውም አብሮ ይሞታል።

«ግን እኮ ጠይቄያለሁ» አለች መስመሩን በእርሳስ እየነካች። «አድራሻው ከሌለ ደውል ብያለሁ።»

ከመሳቢያ አንድ ፖስታ አወጣችና ሰጠችኝ።

«ይኼ አለ ወይስ የለም?»

«አለ እንጂ፣ ይኸው ይዤዋለሁ።»

«ውስጡስ?»

ከፈትኩት። «ባዶ ነው።»

«ፓይተን የሲን አድራሻ የሚያቀብለኝ እንዲህ ሸፍኖ ነው። እኔ የጠየቅኩት ፖስታው አለ ወይ ብዬ ነው። ፖስታው ሁልጊዜ አለ። ውስጡን አልጠየቅኩም።»

ሁለት ቃል በላጲስ አጥፍታ፣ ውስጡ ባዶ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ አንድ ቃል ጻፈች። ያ ነበር ሥራው ሁሉ። ፖስታውን እንደያዝኩ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። የዚያን ያህል ሕፃን ጤና በዚያች ሚጢጢ ቃል ላይ መንጠልጠሉ ገረመኝ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ በሚኒባስ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድን። የታረመውን ጫነችና ሚልክያስን «ንቀለው» አለችው። ሽቦውን ነቀለ። ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ሦስታችንም አየነው። አራተኛው ደቂቃ ላይ ሚልክያስ «ቲቸር፣ ባይጮህስ?» አለ።

ጮኸ።

«ላንሳው?» አለ እየሳቀ።

«መልሰህ ሰካው። እንደገና እንነቅለዋለን።»

ሦስት ጊዜ አስነቀለችው። ሦስቱንም ጊዜ ጮኸ።

ማክሰኞ ጠዋት ሚልክያስ ደወለ።

«ትናንት ፈርሜ ተረከብኩ። እናቶቹ ተሰልፈዋል።»

«ስንት ይሆናሉ?»

«እኔ እንጃ። ሰልፉ ከበሩ ወጥቶ በአጥሩ ዞሯል። መጨረሻው ከዚህ አይታየኝም።»

ስልኩን ዘግታ መስኮቱ ሥር ተቀመጠችና ደብተሯን ከፈተች። እኔም እርሳሷን ቀረጽኩላት።